እንቁላል የበላ ቅርፊቱን ይመልስ

ተረት ተረት!
የላም በረት!

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት የራሳቸው ግቢ፣ የራሳቸው ገበያና የራሳቸው ዳኛ በነበራቸው ዘመን፣ በምንጃር ሜዳ ላይ በቅንጭብ የታጠረ አንድ ግቢ ነበረ። ላም፣ አህያ፣ ፍየል፣ ውሻ፣ ድመትና ዶሮዎች አብረው ይኖሩበታል። ዳኛቸው ሽማግሌው በሬ ነበር። ቀንበር ጫንቃውን ልጦት ከእርሻ ከተገለለ ወዲህ ከግራሩ ሥር ተኝቶ እያመነዠከ ነገር ይሰማል። ለመፍረድ አይቸኩልም፤ ከፈረደ በኋላ ግን ቃሉን የሚያጥፍ አልነበረም።

በዚያ ግቢ እማማ ወሰራ የምትባል አሮጊት ዶሮ ነበረች። በመጨረሻው ዘመኗ 12 እንቁላል ታቀፈች። 21 ቀን ሙሉ፣ ለጥሬና ለውሃ ብቻ ለአፍታ ብድግ እያለች፣ እንቁላሎቹን በመንቁሯ እያገላበጠች አሞቀቻቸው። 9 ጫጩት ፈለፈለች። ሦስቱን ጭልፊት ወሰዳቸው። ሁለቱን የነሐሴ ብርድ ገደላቸው። አንዷን ሸለምጥማጥ ነጠቃት። ፈንግል የገባ ሰሞን ደግሞ ሁለቱ አንገታቸው እየተጠመዘዘ ወደቁ። የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት። ላባዋ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ስለነበር ገብስማ አሏት።

አንዲት ብቻ በመትረፏ ግቢው ሁሉ በዐይኑ ይጠብቃት ጀመር። ላም በብርድ ሌሊት ከጉያዋ አስጠጋቻት። ውሻ ሸለምጥማጥ በመጣ ቁጥር እየጮኸ መለሰላት። አህያ ከአውድማ ስትመለስ በስልቻው ቀዳዳ የሚንጠባጠበው እህል እንዲደርሳት ሆን ብላ በደጃፏ አለፈች። ቀዩ አውራ ዶሮ የጭልፊት ጥላ መሬት ላይ ባየ ቁጥር ጮኾ አስጠነቀቃት። ድመት እንኳ ሌላ ባታደርግላት ጥፍሯን ሰብስባ አለፈቻት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በኋላ የመጣውን ነገር የሚሰማ ሰው ይህን እውነት በልቡ ይያዝ።

ገብስማ አደገች። ስድስት ወር ሞልቶ ሰባተኛው ሲጀምር፣ ገርጥቶ የነበረው ፊቷ ቀላ። ከጓሮ ጓሮ እየዞረች ጨለማ ጥግ ትፈልጋለች፤ ጭድ ትጭርና ትቀመጣለች፤ ትነሣና ሌላ ቦታ ትሞክራለች። ቄብነቷ እያበቃ ነበር። እማማ ወሰራ ይህን አይታ ጠጋ አለችና፣ «ልጄ፣ ጊዜሽ ደርሷል። ከጎተራው ሥር ነፋስ የማይገባበት ጥግ አለ፤ ጭዱን እዚያ አመቻቺው። የመጀመሪያው ያማል፤ አትደንግጪ» አለቻት።

የካቲት በተጋመሰ በአንድ ጠዋት ገብስማ ከጎተራው ሥር ገባች። ብዙ ቆየች። ስትነሣ ጭዱ ላይ አንዲት ትንሽ እንቁላል ነበረች፤ ቅርፊቷ ላይ ቀጭን የደም መስመር ይታያል። ገብስማ ዘወር ብላ አየቻት። አንድ ጊዜ ደግማ አየቻት። ከዚያ ወጥታ ግቢው እስኪናወጥ ድረስ አስካካች።

ሁሉም ሮጦ መጣ። ላም «እሰይ ልጄ!» አለች። ውሻ ጅራቱን እየቆላ ዞራት። አህያ እስከ ጎረቤት የሚሰማ ድምፅ አወጣች። በዚያ ቀን እንቁላሏን ዐይቶ ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። ደስታቸው እውነተኛ ነበር። አመሻሽ ላይ ግን ወሬው መልኩን ቀየረ።

«ከጉያዬ ባላስጠጋት ኖሮ ዛሬን ታይ ነበር?» አለች ላም።

«ሸለምጥማጡን ማን አባረረና!» አለ ውሻ።

«እህሉ የማን ጀርባ ላይ ነው የመጣው?» አለች አህያ።

ቀዩ አውራ ዶሮ ክንፉን አራገፈና፣ «ጎህ እንዲቀድ የምጮኸው እኔ ነኝ። ጎህ ባይቀድ እንቁላል የለም» አለ። እማማ ወሰራ፣ ዶሮ ያለ አውራ እንቁላል እንደምትጥል፣ ያለ እርሱ የማይሆነው ጫጩቱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም የደስታ ቀን ነውና ዝም አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ግቢው የምትመጣ ነጋዴ ነበረች፤ እመት ጦጢት። ከአፋር ሜዳ በግመል ተጭኖ የሚመጣውን አሞሌ ጨው ከቆላ ገዝታ ለደጋው ትቸረችራለች። እንቁላል ትወዳለች። በመንገድ እንዳይሰበርባት እዚያው በር ላይ ቀዳዳ አበጅታ ትጠጣዋለች፤ ቅርፊቱን ከግቢው ጀርባ ወዳለው ጉድፍ ትወረውራለች።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ለላም ጨው ተሸጡ። ጥጃ የምታጠባ ነበረችና ጨው ያስፈልጋት ነበር፤ ማንም አልተቃወመም። ቀጥሎ የአህያ ጀርባ ቆስሎ ነበርና ደልዳል ተገዛላት። ይህም ተገቢ ነው። ቀጥሎ ለውሻ አጥንት፣ ለድመት ሳንባ መጣ። ቀጥሎ አውራው ማሽላ አማረው። በመጨረሻ ፍየል አንገቷ ላይ የምታስረው ቃጭል እንዲገዛላት ጠየቀች። «ሌላው ሁሉ ሲደርሰው እኔ ለምን እቀራለሁ?» አለች። ስለዚህ ተራ ወጣ። ሰኞ የላም፣ ማክሰኞ የአህያ፣ እየተባለ ቀኑ ሁሉ ተከፋፈለ። የጎረቤት ግቢ ዘመዶችም ወሬውን ሰምተው ከበሩ ላይ መቆም ጀመሩ።

ለገብስማ ተራ አልወጣላትም። ማንም ሊከለክላት ብሎ አይደለም። ማንም አላሰበበትም።

ገብስማም በመጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። ላም ጨውዋን ስትልስ እያየች፣ «የእኔ እንቁላል ነው» ትላለች በልቧ። አንዲት ቄብ ያሳደጓትን መጥቀም መቻሏ ትልቅ ክብር ነው። ይህን ክብሯን ማንም አይንቀፈው።

ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ አጉረመረሙባት። ሰኞ በጠዋት ጣለች። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጣለች። ረቡዕ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጣለች። ሐሙስ ዘገየች። ዓርብ ጭራሽ አልጣለችም። የዓርቡ ባለ ተራ ድመት ነበረችና፣ «ሰነፈች! ስሟ ሲጠራ ልቧ አበጠ» ብላ ለግቢው ሁሉ አወራች።

እማማ ወሰራ፣ «ልጆቼ፣ አንድ እንቁላል በሆድ ውስጥ ተሠርቶ የሚወጣው ከአንድ ቀንና ሌሊት ትንሽ በልጦ ነው። ዛሬ በጠዋት የጣለች ነገ ረፈድ ይላታል፤ ከነገ ወዲያ ይበልጥ ይረፍድባታል። ወደ ማታ ሲገፋ አንድ ቀን ትዘልና እንደገና በጠዋት ትጀምራለች። ስንፍና አይደለም፤ አፈጣጠራችን ነው» አለቻቸው። ሰሟት፤ ግን አልተቀበሏትም። ተራው የደረሰበት ሁሉ የገብስማን አፈጣጠር ሳይሆን የራሱን ቀን ነበር የሚቆጥረው።

ዶሮ ጎጆዋ ውስጥ አንድ እንቁላል ከቀረላት እዚያው መጣሏን ትቀጥላለች። በፊት ይህን አውቀው አንዷን ይተውላት ነበር። አሁን ግን ያችንም ወሰዷት። ባዶ ጭድ ሲገጥማት ገብስማ ጎጆውን ጠላችው፤ ከቅንጭቡ ሥር ተደብቃ መጣል ጀመረች። ውሻ ሽታዋን ተከትሎ አገኛት። ቦታ ቀየረች፤ አሁንም አገኛት። ስታስካካ ስለሚሰሟት ማስካካቱን ተወችው። በግቢው ውስጥ የደስታ ድምፅ መጥፋቱን ያስተዋለችው እማማ ወሰራ ብቻ ናት።

15 እንቁላል ያህል ጥላ ስትጨርስ ገብስማ ባዶው ጎጆ ላይ ተኛችና አልነሣም አለች። ላባዋን ነፍታ፣ ሆዷን አሙቃ፣ የቀረበውን ሁሉ በመንቁሯ ትመልሳለች። መታቀፍ አምሯት ነበር። የአገር ዶሮ ወጉ ይህ ነው፤ ጥላ ጥላ በቃኝ ስትል ታቅፋ ልጅ ታወጣለች፣ ሰውነቷም ያርፋል።

ግቢው ተሰበሰበ። «21 ቀን ትታቀፍ፤ ከዚያ ጫጩት ይዛ ሁለት ሦስት ወር ትዙር። እስከዚያ ጨው ከየት ይመጣል?» ተባባሉ። አውራው፣ «ሐሳቧን የሚያስለውጥ መድኃኒት አለ» አለ። ውሻ በአፉ አንጠልጥሎ ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰዳት። ሁለት እግሯን በልጥ አስረው ለግማሽ ቀን ቁልቁል ሰቀሏት። ሦስት ቀን ከማታውቀው ጓሮ አደረች። «ለእርሷም ይበጃታል፤ ገና ልጅ ናት፣ በዚህ ዕድሜዋ ምን ያስተኛታል?» ይሉ ነበር። ከልባቸው ነበር የሚሉት። የሰው ድካም የማይታየው ሰው ብዙ ጊዜ በጎ እየሠራሁ ነው ብሎ ያምናል።

ገብስማ ተመለሰች። ከጥቂት ቀናት በኋላም እንደገና መጣል ጀመረች። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ። በጎተራው ያለው እህል አነሰ። ከሚበተነው ጥሬ ቅድሚያው የአውራው ነበር፤ ፀሐይ የሚሞቅበትና አፈር የሚታጠብበት ደረቅ ቦታም የእርሱ ሆነ። ገብስማ የምትጭረው ሌሎች ጭረው የተዉትን ነው።

አንድ ቅዳሜ እመት ጦጢት እንቁላሉን ስትቀበል እጇ ላይ ፈረሰ። «ይህ ቅርፊት ነው ወይስ ወረቀት?» አለች። «ከእንግዲህ በአንድ የአሞሌ ስባሪ ሁለት እንቁላል ነው የምቀበለው።» ዋጋው ሲወድቅ ግቢው ገብስማ ይበልጥ እንድትጥል አጥብቆ ጠበቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅርፊት የሌላት፣ በስስ ቆዳ ብቻ የተሸፈነች እንቁላል ጣለች።

«ዐይን በልቷታል» አለች ፍየል።

«የጎረቤት ምቀኛ ነው» አለች ድመት።

ጭስ አጨሱባት። ሥር ቆፍረው አንገቷ ላይ አሰሩላት። ምን እንደበላች የጠየቀ አልነበረም።

ሰኔ ገባ። በአንድ ዝናባማ ጠዋት ገብስማ እንደ ወትሮዋ ከቆጧ ዘለለች። ቆጡ ከፍ ያለ አይደለም፤ ጫጩት ሆና እንኳ ትዘልለው ነበር። መሬት ስትደርስ ግን ቀኝ እግሯ ቀጭ አለ። ተነሥታ ልትቆም ሞከረች፤ አልቻለችም። ክንፏን ዘርግታ ጭቃው ላይ ቀረች።

ግቢው ደነገጠ። ሽማግሌው በሬ ከግራሩ ሥር ተነሣ። ለብዙ ጊዜ በፈቃዱ አልተነሣም ነበር። «የልጅ እግር በግቢያችን ተሰብሯል። አውጫጭኝ ተቀመጡ!» ብሎ አወጀ።

በአገሩ ወግ፣ ጥፋት ደርሶ ጥፋተኛው ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራል። ሁሉም በአንድ ቦታ ይቀመጣል። እውነቱ እስኪወጣ ወደ ሥራው፣ ወደ ግጦሹ የሚሄድ የለም። ጥፋተኛው ካልተለየም አገሬው በአንድነት ይከፍላል። ስለዚህ ሁሉም ከግራሩ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ አንድ በአንድም ማሉ።

«እኔ ከሆንኩ ጡቴ ይንጠፍ» አለች ላም።

«እኔ ከሆንኩ ጀርባዬ አይዳን» አለች አህያ።

«እኔ ከሆንኩ ድምፄ ይጥፋ» አለ ውሻ።

«እኔ ከሆንኩ ንጋቱን ስቼ በእኩለ ሌሊት ልጩኽ» አለ አውራው።

ድመትም ማለች፤ ፍየልም ማለች። አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጡ፤ ያመነ የለም። ሁለተኛውም ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን እማማ ወሰራ ከዳር ተነሥታ ከዳኛው ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ ይፈቀድልኝ» አለች።

«ተናገሪ።»

«እዚህ የማለ ሁሉ እውነቱን ነው የማለው። የልጄን እግር በርግጫ የመታ፣ በጥርሱ የነከሰ የለም። የእግሯ አጥንት ግን የለም፤ አልቋል። የት እንደሄደ አውቃለሁ። ተከተሉኝ።»

ተነሥተው ተከተሏት። ከግቢው ጀርባ፣ ከጉድፉ ዘንድ ደረሱ። የስንት ወር የእንቁላል ቅርፊት እዚያ ተከምሯል፤ የታችኛው ወፍራምና ድፍን ነው፣ የላይኛው ስስ ሆኖ በዝናቡ ረግፏል።

«የልጄ እግር ይኸውላችሁ» አለች እማማ ወሰራ።

ማንም አልተናገረም።

«የእንቁላል ውስጡ ከጥሬዋና ከምትለቅመው ትል ይሠራል። ቅርፊቱ ግን ኖራ ነው። ዶሮ በምግቧ ኖራ ካገኘች ከዚያ ትወስዳለች። ካላገኘች፣ ሌሊት እናንተ ተኝታችሁ ሳለ፣ ሰውነቷ ከአጥንቷ እየቀነሰ ቅርፊት ይሠራል። ጠዋት እናንተ እንቁላል ታያላችሁ፤ እርሷ ውስጧ የጎደለውን ማንም አያይም። ዶሮ ዛሬ ከየት አምጥቼ ልጣል ብላ አትናገርም። ካለበት አምጥታ ትጥላለች፤ አልቆ እስክትወድቅ ድረስ።»

ላም አንገቷን ደፋች። «ያን ጨው ስልስ አጥንቷን ነበር የምልሰው» አለች።

ወደ ግራሩ ሥር ተመልሰው ሲቀመጡ ግን አውራው ተቆጣ። ወደ ክቡ መሃል ገባና፣ «ቆይ እንጂ! እኛ ጠላቶቿ ነን እንዴ? ከጭልፊት ያዳናት ማን ነው? ከብርድ ያስጠለላት ማን ነው? ያሳደገ እጅ የልፋቱን ፍሬ አይብላ? ውለታ የሚባል ነገር ከዚህ ግቢ ጠፋ?» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተናገረው እውነት አለበትና።

እማማ ወሰራ ድምፅዋን አላነሣችም። «አሳድጋችኋታል፤ እኔ እናቷ አልክደውም። ዕዳዋን ትክፈል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ውለታችሁ ስንት እንቁላል ነው? ላም ሆይ፣ ላስጠለልሻት ሌሊት ስንት? ውሻ ሆይ፣ ለጩኸትህ ስንት? አንቺ ድመት፣ ሳትበያት ለማለፍሽ ስንት? ቁጥሩን ንገሩኝ፤ እስካሁን ከጣለችው ላይ ይቀነስ፤ የቀረውን እግሯ ሲድን ትጨርሰዋለች።»

ላም ለማሰብ ሞከረች። ውሻ ወደ አህያ አየ። አህያ ወደ መሬት አየች። ቁጥር የነበረው አንድም አልተገኘም፤ ስንት ከተከፈለ ይበቃል ብሎ አንድም ቀን ያሰበ አልነበረምና።

በሬው ለረጅም ጊዜ አመነዠከ። ከዚያ ፈረደ።

«ልክ ያልተቆረጠለት ዕዳ ባርነት ነው። ያሳደገ ይመሰገናል፤ ይጦራልም፤ ያሳደገውን ግን አይበላም። ጥፋተኛው አንድ ሆኖ አልተለየም፤ ስለዚህ በአውጫጭኝ ሥርዓት ግቢው በሙሉ ይከፍላል። ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ይህ ነው፤ እንቁላል የበላ ቅርፊቱን ይመልስ። ከጎጆዋ የሚወስድ አንዷን ይተውላት። መታቀፍ ባማራት ጊዜ 21 ቀኗን ማንም አይንካባት። ጥሬ ሲበተን የምትጥለው ትቅደም። እመት ጦጢት፣ አንቺም እዚህ ግቢ የምትገበዪ ከሆነ ሕጉ ያገኝሻል።»

እመት ጦጢት ከበሩ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ነጋዴ ብትሆንም ወጌሻነትም ታውቃለች። ሸንበቆ ሰንጥቃ የገብስማን እግር ጠገነችና በልጥ አሰረችው። ላም፣ አህያና ውሻ ከጉድፉ ቅርፊቱን ለቀሙ። እንቁላል መብላት እንዳትለምድ በእሳት አመሱት፤ ከዚያ አድቅቀው ከጥሬዋ ጋር ቀላቀሉላት። ፍየል ጎመን ከጓሮ ቆርጣ አመጣች። አውራው እያጉረመረመም ቢሆን ከደረቁ ቦታ ተነሣላት።

ክረምቱ ቀላል አልነበረም። ላም ያለ ጨው ከረመች፤ ድመትም ሳንባ አላየችም። ፍየል፣ «አንዲት ዶሮ ስትታመም ግቢው ሁሉ መራብ አለበት?» እያለች ማማረሯን አልተወችም። ሕጉ ግን ተጠበቀ። የገብስማ እግር ዳነ፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የዳነው፤ እስከ መጨረሻ ዘመኗም ስታነክስ ኖራለች። የጠፋ ነገር ሁሉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ይህንም ግቢው በየቀኑ ዐየ።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ገብስማ ከጎተራው ሥር ገባች። ያን ቀን የጣለችው እንቁላል ድፍንና ጠንካራ ነበር። ወጥታ አስካካች። ሮጠው አልወሰዱባትም። ጥላ ስትጨርስ ታቀፈች፤ ጫጩቶቿም ወጡ። ጭልፊት ሲመጣ አውራው ጮኸ፤ ሸለምጥማጥ ሲመጣ ውሻ አባረረ። ከእነዚያ ጫጩቶች አራቱ ቄብ ሆኑ። ከአንድ ዶሮ በግድ ይወጣ የነበረው፣ በቀጣዩ ዓመት ከአምስት ዶሮ በፈቃድ ተገኘ፤ የላም ጨውም አልጎደለም። ግቢው ከዚያ ወዲህ ለወለደና ላሳደገ ሁሉ ያስተማረው አንድ ቃል ነው፤ እንቁላል የበላ ቅርፊቱን ይመልስ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ተረት የነገርኩህ ለዶሮዋ ስል አይደለም። በየቤታችን ገና መጣል የጀመረች ገብስማ አለች። የመጀመሪያ ደሞዙን የተቀበለው ልጅ አለ፤ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራው ወንድም አለ፤ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ከሰው ቤት ሆና ገንዘብ የምትልክ እኅት አለች። የመጀመሪያው ብር ሲመጣ እልል እንላለን፤ ደስታችንም እውነት ነው። ለእናት መድኃኒት፣ ለታናሽ ደብተር፣ ለጣራ ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ከዚያ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ከጎረቤት ላለማነስ እንጠይቃለን። አንድ ወር ሲዘገይ ልቧ አበጠ እንላለን። ላግባ፣ ልማር፣ ልረፍ ስትል ገና ልጅ ነሽ እንላታለን። ምን በልታ፣ የት ተኝታ፣ ከየትኛው አጥንቷ ቀንሳ እንደላከችው ስንቶቻችን ጠይቀናል?

አገርም ከወጣቶቿ ጉልበት ትወስዳለች፤ ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ ተገቢውን ክፍያና ዕረፍቱን ካልመለሰችላቸው ቆማ የምትሄድበት እግር አይኖራትም።

ያሳደጉንን መጦር ግዴታችን ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ለውለታችሁ ልክ አብጁለት። ዛሬ ማታ ለምትልክላችሁ ልጅ ደውሉ፤ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አታንሡ። በልታ እንደሆነ፣ ተኝታ እንደሆነ፣ ለራሷ ያስቀረችው እንዳለ ጠይቋት፤ ከሌላትም የሚቀጥለውን ወር ለራሷ እንድታደርገው ንገሯት።